በጥንታዊ የቻይና የነሐስ የመጠጥ ዕቃዎች ላይ የሚታየው ባለ ሁለት ዓይን ፊት ምንድን ነው?

ሰላማዊት (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በዋሽንግተን ከተማ በፍሪር ሙዚየም የሚታዩትን የጥንት የቻይና የነሐስ ዕቃዎች በተመለከተ ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ። በመግለጫዎቹ ላይ እንደተጻፈው አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ገደማ እስከ 1046 ገደማ በቆየው በሻንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የቀሩት ደግሞ እርሱን በተካው በዦው ሥርወ መንግሥት መጀመሪያ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከምግብ ማቅረቢያዎቹ ይልቅ የመጠጥ ዕቃዎቹ በዓይነትም በብዛትም የሚበልጡ መስለው ታይተውኛል።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ጌጡ ነው። የቤት ጣሪያ የመሰለ ክዳን ያለው አንድ አራት ማዕዘን ዕቃ አለ፤ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ስመለከተው በመጀመሪያ ያየሁት ጎላ ጎላ ያሉ ሁለት ዓይኖችን ነበር። ከዚያ ቀንዱ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ የታችኛው መንጋጋ የሌለው አፉ ተራ በተራ ታዩኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ያው ፊት በመካከሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ በጎን የቆሙ ሁለት ዘንዶ መሰል አውሬዎች አፍንጫ ለአፍንጫ የተጋጠሙበት ምስል ሆነብኝ። በአውሬው ገላም ሆነ በዙሪያው ባለው መደብ ላይ በጥቃቅን ጥምዝ መስመሮች ያልተሞላ ስፍራ የለም ለማለት ይቻላል። ይህ ፊት የምን እንስሳ ነው? ሃይማኖታዊ ትርጉም ነበረው ወይስ ለዓይን ማማር ብቻ የተደረገ ነው? ደግሞስ የብረት መሣሪያ ገና ባልተለመደበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መስመር በነሐስ ላይ በምን ሊቀረጽ ቻለ?

ቀላጩ፦

እህት ሰላማዊት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ መነሳት ይሻላል፤ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ሳይታወቅ ስለ ፊቱ የሚሰጥ ማብራሪያ ሁሉ መሠረት አይኖረውምና። ጌጡ በነሐሱ ላይ አልተቀረጸም። የተቀረጸው ነሐሱ ከመፍሰሱ በፊት በሸክላው ላይ ነው። በምዕራብ እስያ የነበሩ ባለሙያዎች የብረታ ብረት ዕቃን በአብዛኛው ቀጥቅጠው ቅርጽ ያስይዙት ነበር፤ የሻንግ ባለሙያዎች ግን አቅልጦ ማፍሰስን መረጡ፤ ለዚህም ከእነርሱ በፊት በቢጫ ወንዝ አካባቢ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲዳብር የኖረው የሸክላ ሥራ ጠቅሟቸዋል።

በመጀመሪያ የዕቃው ምስል በሸክላ ይበጃል፤ ሲደርቅም እርጥብ ሸክላ በላዩ ተለጥፎ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ይጫናል፤ ጥቂት ጠንከር ሲል ደግሞ በቁም እየተቆረጠ በሦስት፣ በአራት ወይም ከዚያ በሚበልጡ ቁራጮች ይነሳል። ለውስጠኛው ክፍል የሚሆነው ሸክላ ለብቻው ይዘጋጃል፤ አንዳንዴም የመጀመሪያው ምስል ራሱ ዙሪያውን ተፍቆ ለዚህ ያገለግላል። ቁራጮቹ ተተኩሰው በውስጠኛው ሸክላ ዙሪያ መልሰው ሲገጣጠሙ በመካከል የሚቀረው ክፍተት የዕቃው ግድግዳ ውፍረት ይሆናል። ክፍተቱ ከሁሉም በኩል እኩል እንዲሆን ትናንሽ የነሐስ ቁራጮች በመሃል ይገባሉ፤ እነዚህን ዛሬም በኤክስሬይ ማየት ይቻላል። በመጨረሻ የመዳብ፣ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ይፈስስበታል፤ ሲቀዘቅዝ ሸክላው ይሰበርና ዕቃው ይወጣል። መስመሮቹ ከፊሉ በመጀመሪያው ምስል ላይ፣ ከፊሉ በተነሡት ቁራጮች የውስጥ ገጽ ላይ የሚቀረጹ ናቸው፤ ያልተተኮሰ ሸክላ ለመቅረጽ ደግሞ የብረት መሣሪያ አያስፈልግም። በአገራችን የመጾር መስቀል የሚሠራበት፣ ቅርጹ በሰም ወጥቶ ሰሙ የሚቀልጥበት ዘዴ በሻንግ ዘመን ዕቃዎች ላይ አይታይም። በቻይና ይህ ዘዴ የታየው ዘግየት ብሎ ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ433 ገደማ ከተቀበረው ከዜንግ መስፍን ከዪ መቃብር የወጣው፣ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ጠርዝ ያለው የመጠጥ ዕቃ በዚህ መንገድ እንደተሠራ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ።

አሁን ወደ ፊቱ እንመለስ። እያንዳንዱ የሸክላ ቁራጭ ለብቻው የሚሠራ በመሆኑ ጌጡም በቁራጩ ልክ ይመተራል፤ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከመገጣጠሚያው ማዶ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ በዕቃው ዙሪያ የሚሮጥ ትዕይንት፣ ለምሳሌ አደን ወይም የጦር ሰልፍ፣ በሻንግ ዕቃዎች ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው ራሱን የቻለ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ምስል ነው። በሁለት ቁራጮች መካከል ሾልኮ የሚገባው ትርፍ ነሐስ ተፍቆ መጽዳት ያለበት እንከን ነበር። በኋላ ግን በዚያው ቦታ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ እየቆመ ዋና ጌጥ ሆነ። ባዩት አራት ማዕዘን ዕቃ ማዕዘኖችና በፊቱ አፍንጫ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው እርሱ ነው። እኔ በሙያዬ ብረት አቅላጭ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከፊቱ ይልቅ ይህ ጠርዝ ያስደንቀኛል።

ጌጡ እንዴት እንዳደገ በሚመለከት ማክስ ሎር የተባሉ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1953 ዕቃዎቹን በአምስት ተከታታይ ስልቶች መድበዋቸዋል። በመነሻው ላይ ያለው በቀጭን ከፍ ያሉ መስመሮች የተነደፈ ጠባብ መቀነት ሲሆን፣ በውስጡ በእርግጠኝነት የሚለየው ዓይን ብቻ ነው። ቀጥሎ መስመሩ ሰፋ፤ ከዚያ ጥምዙ እየበዛና እየጠበበ መላ ገላውን ሸፈነ፤ ከዚያም ዋናው ምስል ሌይወን ከሚባለው ከጥቃቅን ጥምዞቹ መደብ ተለየ፤ በመጨረሻ ምስሉ ከመደቡ ከፍ ብሎ ወጣ። ሎር ይህን ያሉት በሙዚየም ያሉትን ዕቃዎች ቅርጽ ብቻ በማነጻጸር ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀደመችው የሻንግ ከተማ በዠንግዦው በቁፋሮ የወጡት ጥንታዊ ዕቃዎች የመጀመሪያዎቹ ስልቶች በእርግጥም ቀዳሚ እንደሆኑ አረጋገጡላቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን እርሳቸው ከገመቱት ቀደም ብለው ጎን ለጎን ይሠሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘው የሻንግ ንጉሥ ባለቤት የፉ ሃው መቃብር አሳይቷል። ከዚህ የእድገት ቅደም ተከተል እኔ የምረዳው፣ ማንም ሰው በመጀመሪያ አንድ የታወቀ እንስሳ አስቦ ወደ ጌጥ እንዳልለወጠው ነው። ሁለት ዓይኖች ነበሩ፤ ፊቱ በዙሪያቸው ቀስ በቀስ ተገነባ።

አባ ጥንቁቅ፦

ወንድማችን ቀላጩ ስለ አሠራሩ በሰጡት ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አሠራሩ የጌጡን አቀማመጥ ያስረዳል እንጂ ለምን ዓይን እንደተመረጠ አያስረዳም። በሸክላ ቁራጭ ልክ የሚመተር ጌጥ አበባም ሊሆን ይችል ነበር። ደግሞም ባለ ሁለት ዓይኑ ፊት በነሐስ አልተጀመረም፤ በያንግትዜ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 2300 ገደማ የነበረው የሊያንግዡ ሕዝብ በጄድ ድንጋይ ላይ፣ በተለይ ውስጡ ክብ ውጩ አራት ማዕዘን በሆነው ቅርጽ ማዕዘኖች ላይ፣ ክብ ዓይኖች ያሉትን ፊት ይቀርጽ ነበር። ከዚያ እስከ ሻንግ ያለው መንገድ በየደረጃው ባይታወቅም፣ ዓይኑ ከነሐስ ሠሪው በፊት የኖረ መሆኑ ብቻ ጌጡን ከባዶ የተነሳ የመስመር ጨዋታ አድርጎ ከመውሰድ ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

እህት ሰላማዊት በመጻሕፍትና በሙዚየም መግለጫዎች ላይ ይህ ፊት ታኦቲዬ ተብሎ ያገኙታል። ስሙ ከሻንግ ዘመን የመጣ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ መጽሐፍ፣ በዦው የነሐስ ድስቶች ላይ ታኦቲዬ የሚባል፣ ራስ እንጂ ገላ የሌለው፣ ሰው እየበላ ሳይውጠው ጥፋቱ በራሱ ላይ የሚደርስ አውሬ እንዳለ ይናገራል፤ ይህን ስም ከድስት አንሥተው በመጠጥ ዕቃዎቹም ላይ ላለው ፊት የሰጡት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጥንት ዕቃዎችን እየሰበሰቡና እየሳሉ መዝገብ ያዘጋጁት የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሊቃውንት ናቸው። ስለዚህ ሆዳምነትን ለማውገዝ የተቀረጸ ነው የሚለው በስፋት የሚደጋገም ማብራሪያ፣ ሻንግ ከወደቀ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። ለራሳቸው አባቶች የሚያቀርቡትን የክብር ዕቃ በተግሣጽ ይሸፍኑታል ብሎ ማሰብ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከበድ ያለው ክርክር ያለው በሎርና የጥንታዊ ቻይና ቅርስ ተመራማሪ በሆኑት በክዋንግ ቺህ ቻንግ መካከል ነው። ሎር ጌጡ በመጀመሪያ ንድፍ ብቻ ከነበረ የታወቀ ትርጉም ሊኖረው አይችልም ሲሉ፣ ቻንግ ደግሞ እንስሳቱ ከሙታን አባቶች ጋር የሚገናኘው ካህን ረዳቶች ናቸው ብለዋል። ለዚህ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ606 አንድ የዦው መልእክተኛ ለቹ ንጉሥ ስለ ዘጠኙ ጥንታዊ ድስቶች የተናገረው ቃል ነው፤ ሕዝቡ የመናፍስትን መልክ እንዲያውቅ የልዩ ልዩ ፍጥረታት ምስል በድስቶቹ ላይ ተደርጎ እንደነበር ይገልጻል። ሌላው፣ አንዱ በኪዮቶ አንዱ በፓሪስ የሚገኙት መንትያ የመጠጥ ዕቃዎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ነብር አንድን ሰው በፊት እግሮቹ አቅፎ ይታያል፣ የሰውየውም ራስ ከተከፈተው አፉ ሥር ነው። ቻንግ ሰውየው እየተበላ አይደለም ይላሉ፤ ፊቱን ለተመለከተ ሰውም አባባላቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሰውየው በእጆቹ አውሬውን ይዞ ጸጥ ብሎ ወደ ጎን ይመለከታል እንጂ አይታገልም። የ606ቱ ንግግር ግን ከሻንግ ውድቀት ከ400 ዓመታት በላይ ዘግይቶ የተነገረ መሆኑን ልብ ይሏል። መንትዮቹም ቢሆኑ ከመጨረሻዋ የሻንግ መዲና ከአንያንግ ርቆ በስተደቡብ ባለው በሁናን አካባቢ እንደተገኙ የሚነገርላቸው፣ የአንያንግ ባለሙያዎች ከሚሠሯቸው የተለዩ ናቸው።

በእኔ አስተያየት ሁለት ዓይነት እንስሳትን ሳይቀላቅሉ ማየት ይጠቅማል። የሻንግ ሠሪ የሚያውቀውን እንስሳ መሥራት አቅቶት አያውቅም። የፉ ሃው ጥንድ የመጠጥ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ በሁለት እግራቸውና በጅራታቸው የቆሙ ጉጉቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በሁናን ኒንግሺያንግ የተገኘው፣ 58.3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ታላቅ ዕቃ ደግሞ ከአራቱ ማዕዘኖቹ ጥምዝ ቀንድ ያላቸው አራት በጎች ብቅ ይሉበታል፤ በጎቹ በጎች መሆናቸውን ማንም አይጠራጠርም። ፍሪር ውስጥም በክዳኑ ላይ ትንሽ ዝሆን የቆመችበት፣ ዝሆን የመሰለ ዕቃ አለ፤ ጎኑን ሲመለከቱት ያ ፊት ተቀርጾበት ያገኙታል። ይህ ሁሉ ችሎታ ያለው ባለሙያ ዋናውን ፊት የበሬ ቀንድ፣ የአውራ በግ ቀንድ፣ አንዳንዴም ሌላ ነገር እየለዋወጠ፣ ዓይኑን ግን ፈጽሞ ሳይተው ለብዙ መቶ ዓመታት የማይታወቅ አድርጎ መሥራቱ ባለማወቅ አይደለም። የተፈለገው ማንነቱ የማይለይ፣ ነገር ግን የሚመለከት ነገር ነው። ከዚህ አልፎ ስም መስጠት አልደፍርም።

ሰላማዊት፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝሆኑን አይቼው ነበር፤ በጎኑ ላይ ያለውን ፊት ግን አላስተዋልኩም። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። እንዲህ የተደከመባቸው የመጠጥ ዕቃዎች በኋለኞቹ ዘመናት ክፍል ውስጥ እየጠፉ፣ ድስትና የእህል ሳህን እየበዙ ይሄዳሉ፤ ከእነርሱም ጋር ፊቱ ይጠፋል። ምን ይጠጡባቸው ነበር? ለምንስ ተዉአቸው? ደግሞም ሦስት እግር ባለው ትንሽ ዕቃ አፍ ላይ የቆሙት ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች አገልግሎታቸው ምንድን ነው?

የጥንት ዕቃ ወዳጅ፦

መጠጡ የወይን ፍሬ ውጤት አይደለም፤ ዳጉሳን ከመሳሰሉ ጥቃቅን እህሎችና ከሩዝ የሚጠመቅ ስለነበር ከወይን ጠጅ ይልቅ ለጠላ ይቀርባል። በአንያንግና በሉዪ ከተገኙ፣ ክዳናቸው ከዝገት የተነሳ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ዕቃዎች ውስጥ 3000 ዓመት ገደማ የቆየ ፈሳሽ ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓትሪክ ማክጎቨርንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት የኬሚካል ምርመራ የእህል መጠጥ መሆኑና በዕፅዋት፣ በአበባ ወይም በዛፍ ሙጫ የተቀመመ መሆኑ ታውቋል። ለእያንዳንዱ ተግባር የተለየ ዕቃ ነበረው፤ ዙን የሚባለው ለማስቀመጫ፣ መያዣ ያለው ዮው ለማመላለሻ፣ ጅያና ጁዌ ለማሞቂያና ለመቅጃ፣ እንደ መለከት አፉ የሰፋው ቀጭኑ ጉ ለመጠጫ ነበሩ ተብሎ ይታመናል። ያዩት ባለ ጣሪያ ክዳን ዕቃ በዓይነቱ ፋንግዪ ይባላል።

የሰውየው ክብር የሚለካው ከእርሱ ጋር በተቀበሩት የጉና የጁዌ ጥንዶች ብዛት ነበር። የንጉሥ ዉ ዲንግ ባለቤት የፉ ሃው መቃብር ለዚህ የሚጠቀሰው ሳይዘረፍ ስለተገኘ ነው፤ 468 የነሐስ ዕቃዎች ወጥተውበታል፣ የሁሉም ክብደት በአንድ ላይ 1.6 ቶን ገደማ ነው፣ ከእነርሱም 53ቱ ጉ፣ 40ዎቹ ጁዌ ናቸው። ይህች ሴት ጦር እየመራች ትዘምት እንደነበር ሻንጎች ለጥንቆላ በሚጠቀሙባቸው፣ ጽሑፍ በተቀረጸባቸው አጥንቶች ላይ ተጽፏል። ይህን ያህል መጠጫ ለአንዲት ሴት ግብዣ አያስፈልግም፤ ዕቃዎቹ ለአባቶች መሥዋዕት የሚቀርብባቸው ስለነበሩ ሞታ ከአባቶች ጋር ስትደባለቅም አገልግሎታቸው አይቋረጥም።

የሻንግ መንግሥት ሲወድቅ ዦዎች የሰጡት ምክንያት መጠጥ ነው። በጥንታዊው የሰነዶች መጽሐፍ ውስጥ ያለው የመጠጥ አዋጅ፣ ከመሥዋዕት ጊዜ በቀር እንዳይጠጣ ያዛል፤ ተሰብስበው የሚጠጡ ዦዎችም ተይዘው እንዲመጡና በሞት እንዲቀጡ ይላል። የሚገርመው፣ ከወደቀው መንግሥት የተወረሱት ሹማምንትና የእጅ ባለሙያዎች ቢጠጡ ወዲያው እንዳይገደሉ፣ በቅድሚያ እንዲመከሩ ይፈቅዳል። ዦዎች ነሐስ ሠሪውን በቀላሉ ሊያጡት አልፈለጉም ብዬ እገምታለሁ። በንጉሥ ካንግ ዘመን የተሠራው፣ 291 ፊደላት የተጻፉበት ታላቁ የዩ ድስትም ሻንግ የሰማይን አደራ፣ ማለትም ከሰማይ የተሰጠውን የመግዛት መብት፣ ያጣው ሹማምንቱ በመጠጥ ስለጠፉ ነው ይላል።

ይሁን እንጂ አዋጁ የመጠጥ ዕቃዎቹን አጠፋቸው ማለት ስሕተት ነው፤ ከአዋጁ በኋላ ቢያንስ ለአንድ መቶ ዓመት በብዛት ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሻንሺ ግዛት በባውጂ የተገኘው የሄ ዙን በዚያው በዦው መጀመሪያ የተሠራ የመጠጥ ዕቃ ነው። ከዝገቱ ሥር 122 ፊደላት እንዳሉበት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጸዳ ሲሆን፣ ጽሑፉ ንጉሥ ቼንግ በዛሬዋ ልዋያንግ አካባቢ አዲስ ከተማ ስለመመሥረቱ ይናገራል። በፍሪር የሚገኘው፣ 187 ገደማ ፊደላት ያሉበት የሊንግ ፋንግዪም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ለውጡ የመጣው ዘግይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ጁዌ፣ ጉ፣ ጅያና ፋንግዪ ከመቃብሮች ይጠፋሉ፤ በምትካቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ድስቶችና የእህል ሳህኖች እንደ ባለቤቱ ማዕረግ በቁጥር ይደረደራሉ፤ ከመጠጥ ዕቃ የሚቀረው በአብዛኛው ሁ የሚባለው ትልቅ ማሰሮ ነው፣ እርሱም ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ጌጡም ማዕበል የመሰለ መቀነት፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ተርታና አግዳሚ ሸንተረር ይሆናል። እነዚህ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ብዙ ተመልካች የሚሆኑ ናቸው፤ ያ ጥቅጥቅ ያለ ፊት ግን ዕቃውን በእጁ ይዞ ለሚመለከት ሰው የተሠራ ነው። ስለዚህ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ራሱ ከጥቂት ዘመዳሞች ስብሰባ ወደ ትልቅ አደባባያዊ ትዕይንት ተለውጧል የሚሉት ተመራማሪዎች ሐሳብ ያሳምነኛል። ጽሑፎቹም በዚያው ጊዜ እየረዘሙ ሹመትን፣ የመሬት ስጦታንና የፍርድ ውሳኔን ይመዘግባሉ፤ ዕቃው ከአባቶች ጋር ከመገናኘቱም ሌላ የቤተሰቡ ሰነድ ሆነ።

ቀላጩ፦

ስለ ምሰሶዎቹ ላክልበት። የጠየቁት ባለ ሦስት እግር ትንሽ ዕቃ፣ ጁዌ፣ በነሐስ ከተሠሩት የመጠጥ ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚ ነው፤ በኤርሊቶው የቁፋሮ ስፍራ ከሻንግ መነሣት ጥቂት ቀደም ብለው ወይም በዚያው ገደማ በተሠሩት ላይ ምሰሶዎቹ ወይ የሉም፣ ወይ በጣም አጫጭር ናቸው፤ ጉልላት የመሰለ ቆብ ደፍተው የሚቆሙት በኋለኞቹ ላይ ነው። የሞቀውን ዕቃ ከእሳት በመቆንጠጫ ለማንሳት ነው የሚሉ አሉ፤ መጠጡን የሚያጠራ ጨርቅ ለማሰር ነው የሚሉም አሉ። ለእኔ ሁለተኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ እንደ ጠላ ያልተጣራ መጠጥ በዚያ ጠባብ አፍ ሲቀዳ አሠሩን የሚይዝ ነገር ይፈልጋል። እሳቱ ግን እርግጠኛ ነው፤ የአንዳንዶቹ ሆድ ከሥሩ ጥላሸት ይዞ ተገኝቷል። ወደ ሙዚየሙ ሲመለሱ ከመያዣው ሥር ያለውን ገጽ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ የባለቤቱ ጎሣ ምልክትና መሥዋዕቱ የሚቀርብለት አባት ስም ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከዚያ ነው። መያዣውን ሊፈጥር በሚገባው የሸክላ ቁራጭ ምክንያት ዋናው ፊት በዚያ በኩል ተቋርጦ ይቀራል፣ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከወዲያኛው ጎን ነው።